የታመመ ልጅም የእድር ጉዳይ ነው

(ስለ ሕፃናት ነቀርሳ ሕክምና በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  እኛ እንደምታውቁን ሐኪም አይደለንም። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ የጨረስን፣ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ጡረተኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውንና አንብበን ያገኘነውን በሰፈራችን አነጋገር አድርገን ነው። ልጅ የታመመበት ሰው የእኛን ንግግር ይዞ ቤቱ እንዲቀመጥ ሳይሆን፣ ቶሎ ተነሥቶ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ነው የምንፈልገው።

አንዳንዱ ሰው «እድር የሞት ነው እንጂ የሕመም ነገር ምን አገባው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱንና ሰሃኑን የገዛነው ለለቅሶ ነው። ጡሩንባ ሲነፋ ሥራችንን ጥለን እንወጣለን፤ ቀብር እናደርሳለን፤ ሐዘንተኛውን እናስተዛዝናለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ነገር ግን ለትንሽ ልጅ ሬሳ ሳጥን የምናወጣው ገንዘብ ጥቂት ቀደም ብሎ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ቢውል ኖሮ፣ ልጁ ዛሬ በእግሩ ቆሞ ይሄድ ነበር የሚባልበት ጊዜ አለ። ልናሳስባችሁ የተነሣነው ይህንኑ ነው።

ነቀርሳ፣ አሁን ሁላችንም ካንሰር የምንለው በሽታ፣ የሽማግሌ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 400,000 ያህል ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይያዛሉ። በበለጸጉት አገሮች ከታመሙት 100 ልጆች ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በብዙዎቹ ድኻ አገሮች ግን የሚድኑት ከ100 ልጆች ከ30 ያነሱ ናቸው። ልብ አድርጉ፤ በሽታው እኮ አንድ ነው። ከመድኃኒቶቹም አብዛኞቹ ትናንት የተገኙ ሳይሆኑ ብዙ ዓሥርተ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? በሽታው ሳይታወቅ ይቀራል፣ ወይም ዘግይቶ ይታወቃል፤ መድኃኒቱ ይጠፋል፣ ወይም ይወደዳል፤ ሕክምናው ተጀምሮ ከመንገድ ይቋረጣል። መድኃኒት ማስመጣት የመንግሥት ሥራ ነው። ቶሎ ማወቅና አለማቋረጥ ግን ከቤተሰብና ከጎረቤት ብዙ ይጠይቃል። እድር ማለት ደግሞ ጎረቤት ማለት ነው።

በቅድሚያ ከወላጆች ትከሻ ላይ አንድ ሸክም እናውርድ። የሕፃናት ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም፤ እናቲቱ ባጠፋችው ጥፋት የመጣም አይደለም። ከሰውነት ሕዋሳት አንዷ ጠባይዋን ትለውጥና ያለ ሥርዓት መባዛት ትጀምራለች። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይህ ለምን እንደሚሆን ሐኪሞችም ለይተው አላወቁትም፤ በዘር የሚመጣው የጥቂቶቹ ነው። ስለዚህ ልጅ የታመመበትን ቤት በሹክሹክታ አናስጨንቀው። «ልጆቻችሁን ከእሱ ጋር አታጫውቱ» የሚል ጎረቤት ካለም ይህን ያስረዱት።

ምልክቶቹን እንደሚከተለው በአጭሩ እንናገራለን። በደም ካንሰር የተያዘ ልጅ ይገረጣል፣ ይደክመዋል፣ ትኩሳቱ ይመላለስበታል፤ ማንም ሳይመታው ሰውነቱ ይበልዛል፤ ነስሩ አልቆም ይላል፤ ሌሊት «እግሬን፣ እግሬን» እያለ ያለቅሳል። የዓይን ነቀርሳ የያዘው ሕፃን በዓይኑ ብሌን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነጭ ነገር ይታይበታል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ አንደኛው ዓይኑ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የኩላሊቱን ብዙ ጊዜ የምታገኘው እናት ናት፤ ልጇን ስታጥብ ሆዱ ውስጥ ጠጣር እብጠት እጇን ይነካታል። ሌላው ደግሞ ልጁን ሳያመው አንገቱ ላይ ወጥቶ ለሳምንታት የማይጠፋ ንፍፊት ነው። መንጋጋ ላይ የሚወጣና በጥቂት ቀናት የሚያድግ እብጠት አለ፤ ሰው የጥርስ ሕመም ይመስለዋል። በጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ልጁ ጧት ጧት ራሱን እያመመው ያስመልሰዋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይንሸዋረራል።

አደራ፣ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ ልጁን እያገላበጠ እንዳይደነግጥ። የገረጣ ልጅ ሁሉ፣ ንፍፊት የወጣበት ልጅ ሁሉ ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቀላል በሽታ ነው። የምንለው ይህን ነው፤ ጤና ጣቢያ የተሰጠውን መድኃኒት ጨርሶ ያልተሻለው ልጅ እንደገና ይመለስ፤ «የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይጻፍልን» ተብሎ ይጠየቅ። ነጭ የሚያበራ ዓይንና የሆድ እብጠት ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም፤ ያኑን ሰሞን ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። ሆዱ ያበጠ ልጅ በቅቤ አይታሽ። አጥንቱ ላይ ያበጠ ልጅም ወጌሻ እጅ አይግባ፤ ወጌሻ ለወለምታ እንጂ ለነቀርሳ አይሆንም፤ ማሸቱ ጉዳት ያመጣል፤ የሚባክነው ጊዜም አይመለስም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር። መድኃኒቱ ኬሞቴራፒ ይባላል። በክንድ ደም ሥር፣ በሚዋጥ ክኒን፣ አንዳንዴም በወገብ በኩል በመርፌ ይሰጣል። ሥራው ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሕዋሳት መግደል ነው። ፀጉርም የአፍ ውስጥ ሥጋም ቶሎ የሚባዙ ስለሆኑ አብረው ይነካሉ፤ ፀጉር የሚረግፈውና አፍ የሚቆስለው በዚህ ምክንያት ነው። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ቀዶ ሕክምናው እብጠቱን ቆርጦ ማውጣት ነው። ጨረሩ ደግሞ ነቀርሳውን በቦታው የሚያቃጥል ሲሆን፣ በሚያድግ ሰውነት ላይ ጠባሳ ሊተው ስለሚችል ሐኪሞች ለሕፃናት የሚያዙት ቆጥበው ነው። የቱ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ እንደሚቀድም የሚወስነው የነቀርሳው ዓይነት ነው። ስለዚህ የአንዱን ልጅ ሕክምና ለሌላው ማወዳደሪያ ማድረግ ስሕተት ነው።

የደም ካንሰርን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ከሕፃናት ነቀርሳዎች ሁሉ የሚበዛው እሱ ነውና። ጥንት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር የተባሉ ሐኪም አሚኖፕቴሪን የሚባል መድኃኒት ለ16 ሕፃናት ሰጥተው 10ሩ እንደተሻላቸው አስታወቁ። ዓለም ተደነቀ። ሆኖም መሻሉ ለጥቂት ወራት ብቻ ሆነና በሽታው ተመለሰ። አንድ መድኃኒት ብቻውን ለአጭር ጊዜ ቢሰጥ እንደማይበቃ ከዚያ ታወቀ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1962 በሜምፊስ ከተማ በተከፈተው የሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶክተር ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቻቸው ብዙ መድኃኒቶችን አቀናጅተው፣ በሽታው የሚሸሸግበትን የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ጭምር አክመው፣ ሕክምናውንም ወደ ዓመታት አራዝመው መስጠት ጀመሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ የሚድኑበት ደረጃ ላይ ተደረሰ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በሕፃናት ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ዓይነት ከያዛቸው 100 ልጆች 90 ገደማ ይድናሉ።

እንግዲህ ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ልብ ብላችሁ ስሙን። የደም ካንሰር ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ወር ብርቱ ነው፤ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል። ያ ወር ሲያልፍ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በሽታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ አይገኝም። ልጁ ቀለሙ ይመለሳል፤ ይበላል፤ ይሮጣል። ወላጅም «ተመስገን፣ ልጄ ዳነ» ይላል። ብሩም አልቋል፣ በሬውም ተሸጧል፣ ቤት የቀሩት ልጆችም ጠባቂ የላቸውም። «ከዳነ ምን ያመላልሰናል?» ተብሎ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ግን በመቅኔው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የነቀርሳ ሕዋሳት ገና አሉ። አልታዩም ማለት የሉም ማለት አይደለም። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ደግሞ የቀድሞውን መድኃኒት የለመዱ ሆነው ስለሆነ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ተስፋውም ያንሳል። ቀሪዎቹ ወራት የሚያስፈልጉት ለእነዚህ ነው። በመጨረሻው ረዥም ጊዜ አብዛኛው ሕክምና ቤት ሆኖ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒንና በቀጠሮ የሚደረግ ምርመራ ነው። ቀላል ይመስላል፤ የሚረሳውም ቀላል ስለሚመስል ነው። በመዝገብ ቤት ሕግ ጉዳዩ ያልተቋጨ ፋይል ወደ መደርደሪያ አይመለስም። የልጅም ሕክምና እንዲሁ ነው፤ ተፈጸመ የሚለው ሐኪሙ እንጂ የልጁ መልክ አይደለም።

ሌሎቹንም ጠቅለል አድርገን እንለፍ። የመንጋጋውን እብጠት እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ያስታወቁት በኡጋንዳ፣ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ናቸው፤ በሽታውም በስማቸው ይጠራል። እዚሁ አፍሪቃችን ውስጥ ተለይቶ የታወቀ በሽታ ነው ማለት ነው። እጅግ ፈጣን ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን የሚፈጥን ነቀርሳ ለመድኃኒትም ቶሎ ይሸነፋል፤ ሕክምናውም የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። የኩላሊቱ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ይይዛል፤ በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም በጨረር ይታከማል። የታመመው ኩላሊት ይወጣል፤ ልጁም በቀረው በአንዱ ኩላሊት ሙሉ ዕድሜውን መኖር ይችላል። የአንገት ንፍፊት ሆኖ የሚጀምረው ሆጅኪን የሚባለውም በመድኃኒት፣ ካስፈለገም በጨረር ታክሞ በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው።

የዓይኑ ነገር ግን ወላጅን ይፈትናል። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በሌሎች ዘዴዎች ዓይኑን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከዘገየ ሐኪሙ «ዓይኑ ይውጣ» ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጅ «ልጄን ዓይኑን አላስወጣም» ብሎ ይዞት ይሄዳል። ስሜቱን እንረዳዋለን፤ ማን አባት ይህን በፈቃዱ ይላል? ነገር ግን ነቀርሳው ከዓይን ኳስ ሳይወጣ ከተወሰደ ልጁ ይድናል፤ በቀረው ዓይኑ ይማራል፣ ይሠራል፣ ሰው ሠራሽ ዓይንም ይገባለታል። ካለፈ ግን በነርቩ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህ በሽታ በአንዱ ልጅ ላይ ከተገኘ የእኅትና የወንድሞቹም ዓይን መታየት አለበት፤ አንዳንዴ በዘር ይመጣልና።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚባል ሕክምናም አለ። ብዙ ሰው ገና ካንሰር የሚለውን ቃል ሲሰማ ቤቱን ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ ይነሣል። ንቅለ ተከላው ለብዙዎቹ ሕፃናት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም፤ በተለይ በሽታው ሲመለስ ወይም ለተለዩ ዓይነቶች የሚታዘዝ ነው። ስለዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት የሕፃናት ካንሰር ሐኪም «ለልጄ በሽታ እዚህ የሚገኘው ሕክምና ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል አለ፤ እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የካንሰር ሕሙማንን ይረዳል። ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ማኅበር ደግሞ ከገጠር ለመጡ ሕፃናትና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

የጠበሉን ነገር የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ዱዓም የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ይህን ማንም አይከለክልም። የምንለምነው የቀጠሮው ቀን እንዳያልፍና ክኒኑ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው። ቅጠላ ቅጠሉን ግን ለሐኪሙ ሳይነግሩ መስጠት አደገኛ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። የዘመኑ ሕክምና ዕፅዋትን ንቆ አይደለም፤ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ራሱ ከማዳጋስካር ከመጣ የአበባ ተክል የተወጣ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ተለክቶና ተመዝኖ ነው፤ ጥቂት ቢበዛ ይጎዳል።

ኬሞቴራፒ የሚወስድ ልጅ በሽታ የሚከላከልበት ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን በዓልም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ፤ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሰጠው፤ የሚበላው በደንብ የበሰለ ይሁን። እኛ ጠያቂዎችም ጠባያችንን እናስተካክል። ሕመምተኛ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው በር ላይ ሆኖ ይመለስ፤ ልጁን አገላብጦ መሳሙ ይቅር፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። «ወይኔ፣ ይኼ ልጅ!» እያሉ ፊቱ ማልቀስም አይገባም። ልጅ ይሰማል፤ ከእኛ ፊት የራሱን ዕጣ ያነባል።

ሁሉም ይድናል ብለን አንዋሽም። የማይድን ሲኖርም ሕክምና አለው፤ ሕመሙን ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው። ሐኪም ሞርፊን ሲያዝ ልጁን ተስፋ ቆርጦበት ነው ማለት አይደለም፤ ልጅ እየጮኸ ማደር የለበትም ማለቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለጉባኤው አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ልጁ በነቀርሳ ለሚታከም አባል የመጓጓዣና የማረፊያ ርዳታ የሚሰጥበት አንድ አንቀጽ ይጨመር። 200 አባላት ያሉት እድር እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢጨምር በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሁለተኛ፣ ለለቅሶ ተራ እንደምንገባ ሁሉ፣ እናቲቱ ሆስፒታል ስትሰነብት ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያበሉና ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ተረኞች ይመደቡ። ሦስተኛ፣ ደም እንስጥ። የሚታከሙት ልጆች ደም ያስፈልጋቸዋል፤ ደም የሚያቆመው የደም ክፍል ደግሞ ተቀምጦ ከሳምንት በላይ አይቆይምና ሰጪ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። አራተኛ፣ ለሚታከም ልጅ ሁሉ አንድ ፋይል ይከፈትለት፤ የምርመራው ውጤት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የቀጠሮው ቀን ይግባበት። ቀን ሲደርስ የሚያስታውስ አንድ ሰውም ይመደብ። ይህን አራተኛውን ሥራ እኛ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነን፤ ፋይል መያዝ እናውቃለን። የጤና መድን ደብተር ያላችሁም በየዓመቱ ማሳደሱን አትዘንጉ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 በዓለም ዙሪያ ከሚታመሙት 100 ልጆች ቢያንስ 60 እንዲድኑ አስቧል። ያ ዕቅድ የሚፈጸመው በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ለሁለተኛው ዓመት ቀጠሮ አውቶቡስ ስትሳፈር ነው። ከኋላዋ መሳፈሪያውን የሚሸፍን፣ ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት ካለ ትሳፈራለች፤ ከሌለ ትቀራለች። እድራችን ያ ጎረቤት ይሁን።

 ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ የታመሙትንም ይማርልን።